ያለ ኒዮኒክ ሹገር ቢት ማምረት፦ ከክምር ጽዳት እስከ ዘር ትዕዛዝ

እኛ አገር ስኳር ማለት ሸንኮራ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ። በአውሮፓ ግን ስኳሩ ከመሬት ተቆፍሮ ነው የሚወጣው። ሹገር ቢት የቀይ ስር የቅርብ ዘመድ ነው። ሥሩ ነጭና ወፍራም ሲሆን ከክብደቱ ከ16 እስከ 18 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ወይም በጀርመን እርሻ ላይ የምትሠሩ፣ ግብርና የምትማሩ፣ ወይም ከአንድ ገበሬ ጋር መሬት ለመያዝ የምታስቡ ካላችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ዋናው ምሳሌዬ እንግሊዝ ነው። ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ምን እንደተወሰደ እወቁ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቢት ዘር ኒዮኒኮቲኖይድ (በአጭሩ ኒዮኒክ) በሚባል ፀረ ነፍሳት ታሽቶ ይመጣ ነበር። ገበሬው ይዘራል፣ መድኃኒቱ ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ቡቃያው ለ10 ሳምንት ያህል ተጠብቆ ይቆያል። ስለ ክሽክሽ፣ የቅጠል ጭማቂ ስለምትመጠው ትንሿ ነፍሳት፣ የሚያስብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ኢሚዳክሎፕሪድን፣ ክሎቲያኒዲንንና ታያሜቶክሳምን ከግሪንሃውስ ውጭ እንዳይውሉ ከለከለ። ምክንያቱ ንቦች ናቸው። «ቢት እኮ ሳያብብ ነው የሚነቀለው፣ ንብ ምን አገባት?» የሚል ገበሬ ብዙ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ግን መድኃኒቱ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ በዙሪያው ያለው አረምና ቀጥሎ የሚዘራው ሰብል ያብባል። እንግሊዝ በኋላ የአደጋ ጊዜ ፈቃድ ስትሰጥ በዚያ ማሳ ላይ ለ32 ወራት የሚያብብ ሰብል እንዳይዘራ የከለከለችው ለዚህ ነው።

2019 ያለ መድኃኒቱ የተዘራበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። በቀላሉ አለፈ። በ2020 ግን ብርዱ ወቅት ሞቃት ሆነና ክሽክሹ ሳይሞት ከረመ፣ ቫይረስም አዛመተ። የእንግሊዝ ምርት በአገር ደረጃ በሩብ ገደማ ወረደ። ከዚያ በጣም የከፋ የደረሰባቸው ማሳዎችም ነበሩ። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት ሲሶ የሚጠጋ ምርት አጣች፤ ፓርላማዋ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕግ አውጥቶ መድኃኒቱን ለጊዜው መለሰው። በጃንዋሪ 2023 የአውሮፓ ፍርድ ቤት «የተከለከለን መድኃኒት በአደጋ ጊዜ ፈቃድ ስም ዘር ላይ ማሸት አይቻልም» ብሎ ወሰነ፤ የፈረንሳይም በር ተዘጋ።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ወጥታለችና የራሷን መንገድ ሄደች። ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ፈቃድ ሰጠች፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፦ የዓመቱ የቫይረስ ትንበያ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ብቻ። በ2021 ወለሉ 9 በመቶ፣ ትንበያው 8 ሆነና መድኃኒቱ ሳይፈቀድ ቀረ። በ2022 ወለሉ 19፣ ትንበያው 69። በ2024 ወለሉ 65፣ ትንበያው 83። በ2025 መንግሥት ጥያቄውን ጭራሽ አልተቀበለም። ስለዚህ ዕቅዳችሁን «ዘንድሮ ይፈቅዱልን ይሆናል» በሚል ተስፋ ላይ አትመሥርቱ።

የሄደው ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። ከፀረ አረሞቹ ክሎሪዳዞንና ዴስሜዲፋም፣ ከፀረ ፈንገሶቹ ክሎሮታሎኒልና ኤፖክሲኮናዞል፣ ከዘር ማሻው ቲራም ተነሥተዋል። በአውሮፓ ኅብረት ትራይፍሉሱልፉሮንም ተከትሏቸዋል። በኢትዮጵያ የአበባ እርሻ የሠራችሁ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ብራስልስ ላይ አንድ ስም ከዝርዝር ሲፋቅ ዝዋይ ያለው የመድኃኒት መጋዘን ውስጥም ይሰማል።

መላውን ሥራ የሚገዛው አንድ ቁጥር፦ 12 ቅጠል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ቢቱን የሚገድለው ክሽክሹ ራሱ አይደለም፤ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ዋናዋ ተሸካሚ ማይዙስ ፐርሲኬ የምትባለው አረንጓዴ ክሽክሽ ናት። ቫይረሶቹ ሦስት ሲሆኑ በጥቅሉ «የቢት ቢጫ በሽታ» እንበላቸው። ከሦስቱ ክፉው ምርቱን እስከ ግማሽ ሊወስድ ይችላል፤ ሁለቱ ቀለል ያሉት እስከ 30 በመቶ ገደማ።

ቢት 12 ቅጠል ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተክሉ እየጠነከረ ሲሄድ ክሽክሿ አይመቻትም፤ ቫይረሱ ቢገባም ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ከ12 እስከ 16 ቅጠል ባለው ጊዜ ውስጥ ተክሉ ራሱን መከላከል ይጀምራል። በእንግሊዝ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጁን ላይ ይውላል።

እንግዲህ ጠቅላላ ሥራችሁ ሁለት ሰዓቶችን ማሯሯጥ ነው። የቢቱን ሰዓት ታፈጥናላችሁ፤ የክሽክሿን ታዘገያላችሁ። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ከሁለቱ አንዱን የሚነካ ነው፤ አንዱንም የማይነካ ምክር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

እርምጃ 1፦ ቫይረሱ የሚከርምበትን ቤት አፍርሱ (እስከ ማርች መጨረሻ)

ይህ ርካሹ እርምጃ ነው። የሚዘለለውም እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ክሽክሽ ቫይረሱን ይዛ አትወለድም። በዘርም አይተላለፍም። ሁሌም ከሆነ በሽተኛ ተክል መምጠጥ አለባት። ያ በሽተኛ ተክል በብርዱ ወቅት የት ከረመ? ብዙ ጊዜ እዚያው እርሻችሁ ላይ።

መጀመሪያ የቢት ክምር የነበረበትን ቦታ ሂዱና እዩ። ቢቱ ተጭኖ ከሄደ በኋላ የቀሩ ስብርባሪዎች፣ ከአፈር ጋር የተጠረገ ቁራጭ፣ የተቆረጠ አናት፣ ይሄ ሁሉ በፌብሩዋሪ ቅጠል ያወጣል። ያ ቅጠል ለክሽክሿ መኝታም ነው፣ ቀለብም ነው። አንሡት፣ ለከብት ስጡት፣ ወይም ቅጠል እንዳያወጣ አድርጋችሁ ቀጥቅጡት። ቀጭን አድርጎ መበተንም ይሠራል፤ ውርጭ ይመታዋል። ክምሩን አፈር አልብሶ መተው ግን አይሆንም፤ ከጎን ያበቅላል።

ቀጥሎ ባለፈው ዓመት ቢት የነበረበት ማሳ። አሁን ስንዴ ተዘርቶበት ከሆነ በመካከሉ የበቀለ ቢት መኖሩን ተመልከቱና በስንዴው ፀረ አረም አጥፉት። ከዚያ የማሳው ጠርዝ አለ፤ እዚያ የሚከርሙ ቅጠለ ሰፊ አረሞች ቀለል ያሉትን ቫይረሶች መያዝ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ክሽክሽ መብረር ከመጀመሯ በፊት ማለቅ አለበት። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ክምር ማጽዳት ክሽክሿን አስነሥቶ ወደ ቡቃያው መንዳት ነው። ጎረቤታችሁም ማጽዳት አለበት፤ ክሽክሽ አጥር አታውቅም። ፊት ለፊት መናገር ከከበዳችሁ የስኳር ፋብሪካውን የመስክ ሠራተኛ ላኩበት።

እርምጃ 2፦ ትንበያውን አንብቡ፣ ግን አትስገዱለት

እንግሊዝ ውስጥ ሮታምስቴድ የሚባለው የምርምር ተቋም 12.2 ሜትር ቁመት ባላቸው የአየር መምጠጫ ማማዎች የሚበሩ ክሽክሾችን ለአሥርተ ዓመታት ሲቆጥር ኖሯል። ከዚያ መረጃና ከጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሙቀት ተነሥቶ የዓመቱ ትንበያ ማርች መጀመሪያ ላይ ይወጣል። አመክንዮው ቀላል ነው። ብርዱ ከጠና ብዙ ክሽክሽ ያልቃል፣ የቀረውም ዘግይቶ ይበራል። ብርዱ ከለዘበ ኤፕሪል ላይ ቡቃያው ገና ሁለት ቅጠል እያለ ይደርሱበታል።

ትንበያው የሚነግራችሁ አገሩን እንጂ ማሳችሁን አይደለም። ጥቅሙ ለዝግጅት ነው። ሞቃት ከነበረ መድኃኒቱን ቀድማችሁ እዘዙ፣ መርጫ ማሽኑን ፈትሹ፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ማሳ የሚዞር ሰው መድቡ። የእንግሊዝ የቢት ምርምር ድርጅት፣ በምሕጻሩ ቢቢአርኦ፣ በወቅቱ በየአካባቢው ቢጫ የውኃ ሳህኖች አስቀምጦ የተያዘውን ክሽክሽ ቁጥር ያሳውቃል። በነጻ ነው፤ ተከታተሉት።

እርምጃ 3፦ ቢቱን ቶሎ አስነሡት

እዚህ ላይ የድሮው ጥበብ አዲስ ዋጋ አግኝቷል። መድኃኒት በነበረበት ዘመን ደካማ አነሳስ ኪሎ ያስቀንስ ነበር። አሁን ደካማ አነሳስ ማለት ቫይረስ ነው። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ 12 ቅጠል የሚደርስ ማሳ ለክሽክሿ ሦስት ሳምንት ጨምሮ ክፍት የቆመ ማሳ ነው።

መሬቱ። ቢት አሲዳማ አፈር አይወድም፤ ፒኤች 6.5 እስከ 7 ይሁን። የተጠቀጠቀ አፈር አይዘራም። አካፋ ይዛችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ደረቅ ሰሌዳ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ሥሩ እዚያ ይጣመማል። ሰብል አፈራርቁ፤ በሦስት ዓመት አንዴ ቢያንስ፣ አራት ቢሆን የተሻለ፣ ኔማቶድ የሚባለው የሥር ትል እንዳይበረክት።

የመዝሪያው ቀን። ካላንደር ሳይሆን አፈር እዩ። የአፈሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ አልፎ እየጨመረ ሲሄድ፣ ላዩም ሳይለጠፍ ሲፈረፈር ጊዜው ነው። በእንግሊዝ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ። «ክሽክሽን ልቅደማት» ብሎ በማርች መጀመሪያ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ የሚዘራ ሰው አለ። ሁለት ጊዜ ይከስራል። ቡቃያው ተንቀራፎ ይነሣል፤ ብዙ ብርድ ያየ ቢት ደግሞ በዚያው ዓመት አገዳ አውጥቶ ያብባል፣ ሥሩም ይቀጥናል።

አዘራሩ። መስመር ከመስመር 50 ሳንቲ ሜትር (ጀርመኖች 45 ይወዳሉ)፣ ዘር ከዘር 18 ገደማ፣ ጥልቀት 2.5። ዓላማው በሄክታር 100 ሺህ ተክል ማቆም ነው። ይህ ቁጥር ለምርት ብቻ አይደለም፤ የሳሳ ማሳ፣ ባዶ አፈሩ በዝቶ አረንጓዴው ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሲል፣ ከላይ ለሚበር ክሽክሽ ጎልቶ ይታያል። ትራክተሩን ቀስ በሉት። ዘሪውን ማሽን ያስቸኮለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ክፍተት ሲያይ ይኖራል።

ማዳበሪያ። በእንግሊዝ ምክር በማዕድን አፈር ላይ የናይትሮጅን ጣሪያው በሄክታር 120 ኪሎ ነው። ከፊሉን ሲዘራ፣ የቀረውን ቡቃያው እንደወጣ ጨርሱ። ዘግይቶ የሚጨመር ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል፣ የስኳሩን መቶኛ ግን ይቀንሳል። እንግሊዝ ውስጥ ክፍያው 16 በመቶ ስኳርን መሠረት አድርጎ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚስተካከል ስለሆነ ይህ ኪስ ላይ ይታያል።

ዘሩ ዛሬም ታሽቶ ይመጣል፤ የአፈር ነፍሳትን የሚከላከል ቴፍሉትሪንና የፈንገስ መድኃኒት ይኖረዋል። ይህን አይታችሁ «ተጠብቋል» እንዳትሉ። ቴፍሉትሪን አፈር ውስጥ ይሠራል እንጂ ቅጠል ላይ አይወጣም፤ ክሽክሽን አይነካም።

እርምጃ 4፦ ገብስ መሐል ደብቁት

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። በእንግሊዝ አሸዋማና ጥቁር አፈር ላይ ነፋስ ቡቃያውን እንዳይቀብረው ገብስ በቢት መሐል መዝራት የቆየ ልማድ ነው። መድኃኒቱ ከሄደ በኋላ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አዩ፦ ገብስ ወይም አጃ የተዘራበት ቢት ላይ የሚያርፈው ክሽክሽ ያንሳል። ምክንያቱ የዓይን ነው ተብሎ ይታመናል። ክሽክሽ የምታርፈው በአረንጓዴና በቡናማ ልዩነት ተመርታ ነው፤ መላው ማሳ አረንጓዴ ከሆነባት ቢቱን መለየት ይከብዳታል።

አሠራሩ፦ ገብሱ ከቢቱ ጥቂት ቀን ቀድሞ ወይም እኩል ይዘራ፣ ስስ አድርጋችሁ። ከዚያ ዋናው ጥበብ መግደያው ሰዓት ነው። ቶሎ ከገደላችሁት ክሽክሿ ስትመጣ የለም፤ ዘግይታችሁ ከገደላችሁት ውኃውንና ናይትሮጅኑን በልቶባችኋል፣ ከቫይረሱ የማይተናነስ ጉዳት ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ብዙ የጎን ቡቃያ ሳያወጣ፣ ሣር በሚገድል ፀረ አረም አጥፉት። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ገብሱ ሲሞትም ለሁለት ሳምንት ያህል መሬቱን ይሸፍናል። በደረቅ ጸደይ ግን ቀድማችሁ እርምጃ ውሰዱ። ገብስ መጠበቅን አያውቅም።

ሲሆን ግማሽ ማሳ ላይ ሞክሩት። ብቻውን አያድንም፤ የክሽክሿን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ጠላቶቿ ጥንዚዛና ተርብ እስኪደርሱ ጊዜ ይገዛል።

እርምጃ 5፦ መቁጠር

ቡቃያው ከወጣ ቀን ጀምሮ እስከ 12 ቅጠል በሳምንት ሁለቴ ማሳ ውስጥ ግቡ። ከመኪና ላይ ማየት መቁጠር አይደለም። ተንበርከኩ፤ ቅጠሉን ገልብጡ፤ ማጉያ መነጽር ያዙ። በተለይ መሐል ያለውን ትንሹን ቅጠል ፈትሹ፣ እዚያ ትደበቃለች።

የሚቆጠረው ክንፍ የሌላት አረንጓዴዋ ናት። ጥቁሯን የባቄላ ክሽክሽ አትቁጠሩ፤ በብዛት ትታያለች፣ ታስደነግጣለች፣ ግን ይህን ቫይረስ በማሰራጨት ዋናዋ እሷ አይደለችም። ክንፍ ያላትም አልፋ የምትሄድ ልትሆን ትችላለች። ክንፍ የሌላት ከተገኘች ግን እዚያው ተወልዳለች ማለት ነው፣ ቤት ሠርታለች።

የእንግሊዝ ወለል፦ በአማካይ በአራት ተክል አንድ ክንፍ አልባ አረንጓዴ ክሽክሽ። ከጠርዝ ብቻ ሳይሆን ከመሐልም፣ ከተለያየ ቦታ ቁጠሩ። ወለሉ ሲደረስ ትረጫላችሁ። ሳይደረስ አትረጩም። ይህ ሁለተኛው ነው የሚከብደው። ጎረቤት ሲረጭ እያዩ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ወኔ ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ ቢጫ ቅጠል አይታችሁ አትርጩ። ምልክቱ የሚወጣው ቫይረሱ ከገባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ጁላይ ላይ ክብ ክብ ቢጫ ስታዩ የምታዩት የሜይን ታሪክ ነው።

እርምጃ 6፦ የቀሩትን መርጫዎች አታባክኑ

በመርጫ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነው። ፍሎኒካሚድ አለ፤ አሴታሚፕሪድ እንደ አገሩና እንደ ዓመቱ ፈቃድ ይኖራል። አሴታሚፕሪድ ራሱ ኒዮኒኮቲኖይድ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ እስከ 2033 የተፈቀደ ሲሆን ፈረንሳይ ግን በራሷ ሕግ ከልክላዋለች። በ2025 ለመመለስ የወጣውን ሕግ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ኦገስት ላይ ያንን አንቀጽ ሰርዞበታል። ስለዚህ ከእንግሊዝ ያገኛችሁትን የርጭት ፕሮግራም ፈረንሳይ ወስዳችሁ እንዳትሠሩበት። በየዓመቱ የጣሳውን ወረቀት እንደ አዲስ አንብቡ።

ፍሎኒካሚድ ለጠቃሚ ነፍሳት ገር ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ርጭት እሱን ማስቀደም ጥሩ ነው። ክሽክሿ በሰዓታት ውስጥ መምጠጥ ታቆማለች፣ ግን ወዲያው አትወድቅም፤ ቅጠሉ ላይ ቀናት ቆይታ ነው የምትሞተው። ሰው በሦስተኛው ቀን ገብቶ በሕይወት ያለች ክሽክሽ ሲያይ «አልሠራም» ብሎ ደግሞ ይረጫል። ተረጋጉ። ሳምንት ጠብቃችሁ ቁጠሩ። ያላችሁ የርጭት ቁጥር በሕግ የተወሰነ ነው፣ አንዱን በችኮላ ማቃጠል ሜይ መጨረሻ ላይ ያስቆጫል።

አሁን አንድ ቁርጥ ያለ ነገር፦ ፓይረትሮይድ የሚባለውን ፀረ ነፍሳት አትርጩ። ርካሽ ነው፣ ሱቁ ሞልቷል፣ ግን አረንጓዴዋ ክሽክሽ ከተላመደችው ቆይታለች፤ ፒሪሚካርብ ለሚባለውም መድኃኒት እንዲሁ። ክሽክሿ ትተርፋለች። የሚያልቁት የእሷ ጠላቶች ናቸው፦ ባለ ነጠብጣቧ ቀይ ጥንዚዛና ጫጩቶቿ፣ ክሽክሽ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉት ጥቃቅን ተርቦች፣ ሸረሪቶች። ከርጭቱ በኋላ ክሽክሿ ከልካይ የሌላት ሰፊ ማሳ አገኘች ማለት ነው።

ጠላቶቿ ደግሞ ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ሁሌም ክሽክሹ ይቀድማል። የማሳ ጠርዝ ላይ የሚያብብ ነገር መዝራት የሚመከረው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው። ሥራው ዓመታት ይወስዳል፤ ዘንድሮ ዘርታችሁ ዘንድሮ አትጠብቁ።

እርምጃ 7፦ አረም

ቢት ከአረም ጋር ሲወዳደር ደካማ ነው። ቅጠሉ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ማንም ይበልጠዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው አመድማዶ ነው፤ ከቢት ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ አንዱን ገድሎ ሌላውን የሚምር መድኃኒት ጥቂት ነው። ዴስሜዲፋም ሲሄድ ያ ጥቂቱ ይበልጥ ቀነሰ።

ከቀሩት ዋናዎቹ ፌንሜዲፋም፣ ኢቶፉሜሴትና ሜታሚትሮን ናቸው። አጠቃቀማቸው የትዕግሥት ነው፦ አነስተኛ መጠን፣ ከ7 እስከ 10 ቀን እየለዩ፣ አረሙ ገና የመጀመሪያዎቹን ሁለት የዘር ቅጠሎች እንዳወጣ። አረሙ አራት ቅጠል ከደረሰ እነዚህ አይበግሩትም። ዝናብ ስለዘነበ አንድ ዙር መዝለል ማለት ቀጣዮቹን ዙሮች ሁሉ ማበላሸት ነው።

ከዚያ መኮትኮት። በካሜራ የሚመራ ኩትኳቶ ማሽን አራት ቅጠል አካባቢ ይገባል፤ አፈሩ ደርቆ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጥልቀቱ ከሁለት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር። ጥልቅ ከሆነ አዲስ የአረም ዘር ቆስቁሶ ያወጣል። መድኃኒቱን መስመሩ ላይ ብቻ መርጨትና መሐሉን መኮትኮት አንድ ላይ ሲሄዱ በጣም ያዋጣሉ፤ በ50 ሳንቲ ሜትር መስመር ላይ 17ቱን ብቻ ከረጫችሁ መድኃኒቱ ወደ ሲሶ ወረደ። ፋርምድሮይድ የሚባል የዴንማርክ ሮቦት ደግሞ በፀሐይ ኃይል እየሄደ ይዘራል፣ እያንዳንዱን ዘር የት እንዳስቀመጠ በጂፒኤስ ይመዘግባል፣ በኋላ ያንን ቦታ እየዘለለ ይኮተኩታል። ቀርፋፋ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የኦርጋኒክ ቢት ለሚያመርት ግን የእጅ ኩትኳቶን ክፍያ ይቀንሳል።

ሌላው መንገድ ኮንቪሶ ስማርት ነው። የዘር ኩባንያው ኬደብሊውኤስና የመድኃኒት ኩባንያው ባየር በጋራ ያወጡት ሲሆን ዘሩ ፎራምሱልፉሮንና ቲየንካርባዞን ያለበትን መድኃኒት ይቋቋማል፤ አንድ ወይም ሁለት ርጭት ብቻ ይበቃል። ቀላልነቱ ያማልላል፤ ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አገዳ አውጥቶ የሚያብብ ተክል አንድም እንዳይቀር ንቀሉ፤ ዘሩ ከረገፈ በዚያው መድኃኒት የማይሞት የዱር ቢት ማሳችሁ ውስጥ ተተከለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የምሥራቅ እንግሊዝ ብላክግራስ የሚባለው ሣር ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ ከስንዴው ጊዜ ጀምሮ ተላምዶታል፤ ለእሱ ብላችሁ ኮንቪሶ አትግዙ። መደበኛውን ዘርና የኮንቪሶውን ዘር ደግሞ ማሽኑ ውስጥ አታቀላቅሉ፤ መደበኛው በርጭቱ ይሞታል።

እርምጃ 8፦ የቅጠል በሽታ ከጁላይ በኋላ

ሰርኮስፖራ የሚባለው የቅጠል ፈንገስ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ክብ ግራጫ ነጠብጣቦቹ በፍጥነት ይባዛሉ። ድሮ የደቡብ አውሮፓ ራስ ምታት ነበር፤ አሁን እንግሊዝም ያውቀዋል። ስትሮቢሉሪን ለሚባሉት ፀረ ፈንገሶች ተላምዷል፣ ትራያዞል ከሚባሉትም ጥሩ ጥሩዎቹ ተነሥተዋል።

ጀርመኖች እንዲህ ይሠራሉ፦ ማሳውን በሰያፍ እየተሻገሩ ከመሐለኛው የቅጠል ክብ 100 ቅጠል ይሰበስባሉ። እስከ ጁላይ መጨረሻ 5 በመቶው ነጠብጣብ ካለው ይረጫሉ፤ በኦገስት የመጀመሪያ አጋማሽ ወለሉ 15፣ ከዚያ በኋላ 45። ቀላል ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሁሉ በላይ ግን የሚቋቋም ዝርያ ምረጡ፣ ቅጠሉንም ከምርት በኋላ አፈር ውስጥ ቅበሩት።

በደቡብ ጀርመን ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። እዚያ ያለው ፈተና ከክሽክሽ ይልቅ ፔንታስቲሪዲየስ የምትባል ዘላይ ነፍሳት ናት፤ የስኳሩን መቶኛ የሚያወርድ ባክቴሪያ ታሰራጫለች፣ አሁን ወደ ድንችና ሽንኩርትም ተሻግራለች። ጫጩቶቿ አፈር ውስጥ የሚከርሙት ቢቱን ተከትሎ ከብርዱ ወቅት በፊት የሚዘራውን ስንዴ ሥር እየመጠጡ ነው። ከቢት በኋላ ስንዴ አትዝሩ፤ መሬቱ እስከ ጸደይ ባዶ ይክረም፣ ከዚያ በቆሎ ይግባበት። መርጫ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

እርምጃ 9፦ ዘር ስታዝዙ

ትዕዛዙ የሚሰጠው ገና ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ነው፣ ትንበያው ከመውጣቱ ወራት በፊት። ማለትም ጨለማ ውስጥ ነው የምትመርጡት። ቫይረሱን የሚታገሡ ዝርያዎች ገበያ ላይ መጥተዋል፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ማሩሻ የተባለው የኬደብሊውኤስ ዝርያ ሲሆን ከሦስቱ ቫይረሶች አንዱን ይታገሣል። ችግሩ ቫይረስ በሌለበት ዓመት ከምርጦቹ ያነሰ መስጠቱ ነው። አዳዲሶቹ ይህን ክፍተት እያጠበቡ ነው።

የእኔ ምክር መከፋፈል ነው። ማስታወሻ ደብተራችሁን አውጡና ቫይረስ ደጋግሞ የመታቸውን ማሳዎች ለዩ፤ ከክምር ቦታ አጠገብ ያሉ፣ ከነፋስ የተከለሉ፣ ዘግይተው የሚደርቁና ስለዚህ ዘግይተው የሚዘሩ። ታጋሹን ዘር እዚያ አስገቡ። ክፍት በሆነውና ቶሎ በሚነሣው መሬት ላይ ከፍተኛ ምርት የሚሰጠውን ዝሩ። ሻጩ «ሁሉንም አንድ አድርገው» ቢላችሁ የየማሳውን የቫይረስ ታሪክ ጠይቁት። ካላወቀ ምርጫው የእናንተ ነው።